ወረቀቱ በአማርኛ፣ ምርጫው በእንግሊዝኛ፦ በዋሽንግተን ዲሲ መራጩን ማስረዳት የማን ግዴታ ነው?

የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር የቋንቋ ተደራሽነት ሕግን ካወጣ ከሃያ ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀው ይህ ሕግ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወይም በውስን ደረጃ ብቻ የሚችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቁጥር ከተገልጋዩ ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ሲሞላ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶቻቸውን በዚያ ቋንቋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ከሁለቱ መለኪያዎች አነስተኛውን ማሟላት ይበቃል። አማርኛም ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጎን ለጎን በዚህ ሕግ ከሚጠቀሙት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ስለዚህም ምርጫ በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አነጋገሮች ይሰማሉ። አንደኛው ከመንግሥት ቢሮዎች የሚነሣ ሲሆን፣ መመሪያው እስከ ተተረጎመ ድረስ ግዴታው ተፈጽሟል ይላል። ሁለተኛው ከማኅበረሰቡ ከራሱ የሚነሣ ሲሆን፣ ሕዝቡ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሲከራከር ይውላል እንጂ ለሚኖርበት ከተማ ምርጫ ግድ የለውም እያለ ወቀሳውን በመራጩ ላይ ይጭናል።

ሁለቱም ተሳስተዋል። የተተረጎመ ወረቀት ምርጫን ለማያውቅ ሰው ምርጫን አያስተምርም። የአሠራሩን ፈሊጥ ማንም ያላስረዳውን ሰው ግዴለሽ ብሎ መጥራትም ፍርደ ገምድልነት ነው። የጎደለው የመራጩ ፍላጎት አይደለም። የጎደለው ማስረዳት ነው፤ ማስረዳትም በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ምጽዋት ሳይሆን በጀትና ተጠያቂ የሚያስፈልገው የመንግሥት ሥራ ነው።

በከተማው ምርጫ የሚወሰነው ምንድን ነው?

ዲሲ ከንቲባዋንና ምክር ቤቷን ራሷ መምረጥ የቻለችው በ1973 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ነው። ዛሬ ምክር ቤቱ 13 አባላት አሉት፦ ሊቀ መንበሩ፣ በመላው ከተማ የሚመረጡ 4 አባላት፣ እንዲሁም ከ8ቱ ዋርዶች አንዳንድ ተመራጭ። ከምክር ቤቱ በታች ደግሞ የአካባቢ አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ኮሚሽነር የሚወክለው ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ትንሽ ክልል ጥቂት ቤተሰቦች ተነጋግረው ቢወጡ ውጤቱን ሊለውጡት ይችላሉ።

እነዚህ ተመራጮች የሚወስኑት ነገር ለአማርኛ ተናጋሪው ሩቅ አይደለም። የታክሲ አሠራር የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ነው፤ በ2008 የዞን ዋጋ ቀርቶ በቆጣሪ እንዲተካ ሲደረግ የብዙ ሾፌሮች ኑሮ በአንድ ውሳኔ ተለውጧል። የጉርሻ ሠራተኞች የደመወዝ ወለልም እንዲሁ ነው። መራጩ በ2018 በሕዝበ ውሳኔ አጸደቀው፤ ምክር ቤቱ ሻረው። መራጩ በ2022 ደግሞ አጸደቀው፤ ምክር ቤቱ በ2025 ይዘቱን ለወጠው። በምግብ ቤት የሚሠራውም ሆነ ምግብ ቤት የከፈተው ኢትዮጵያዊ በየትኛውም ወገን ቢቆም፣ ጉዳዩ የተወሰነው በከተማው ምርጫ በተመረጡ ሰዎች ነው። በሰፈር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት መጠጥ የመሸጥ ፈቃድ ሲጠይቅም፣ የአካባቢው ኮሚሽን የሚሰጠውን አስተያየት ፈቃድ ሰጪው አካል ትልቅ ክብደት ሰጥቶ እንዲመለከተው ሕጉ ያዛል።

ሁለት ታላላቅ ለውጦች

በቅርብ ዓመታት የዲሲ የምርጫ ሥርዓት በሁለት አቅጣጫ ተለውጧል። ሁለቱም ለውጦች ተወልደው ባደጉበት ከተማ ለሚመርጡ ሰዎች እንኳ ማብራሪያ የሚሹ ናቸው።

የመጀመሪያው ማን ይመርጣል የሚለውን ይመለከታል። ምክር ቤቱ በ2022 ባጸደቀው ሕግ መሠረት፣ 18 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 30 ቀን በከተማዋ የኖረ ሰው የአሜሪካ ዜግነት ባይኖረውም በከተማው ምርጫዎች ድምፅ መስጠት ይችላል። ከንቲባውን፣ የምክር ቤት አባላትን፣ የከተማዋን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ የትምህርት ቦርድ አባላትንና የአካባቢ ኮሚሽነሮችን ይመርጣል። ፕሬዚዳንቱንና በአሜሪካ ኮንግረስ የዲሲን ተወካይ ግን አይመርጥም። ሕጉ በ2024 በሥራ ላይ ውሏል።

ሁለተኛው እንዴት ይመረጣል የሚለውን ይመለከታል። መራጩ በኖቬምበር 2024 በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀው ሕግ በቅደም ተከተል የመምረጥን ሥርዓት አመጣ፤ ምክር ቤቱም ሥርዓቱ ከ2026 ቀዳሚ ምርጫ ጀምሮ እንዲተገበር በ2025 በጀት መደበለት። መራጩ አንድ ሰው ብቻ መርጦ በመተው ፈንታ እስከ 5 ዕጩዎች ድረስ በምርጫው ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። በመጀመሪያ ምርጫ ከግማሽ በላይ ያገኘ ዕጩ ከሌለ፣ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና የእርሱ ደጋፊዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይተላለፋል። ቆጠራው በዚህ መልክ ይቀጥላል።

ይህን በእንግሊዝኛ ቃላት ተራ በተራ ተርጉሞ ማስቀመጥ አንባቢውን ያደናግረዋል። በአማርኛ አስተሳሰብ ማስረዳት ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እናት ልጇን ወደ ሱቅ ስትልክ «ምስር ክክ አምጣ፤ ከሌለ የአተር ክክ፤ እርሱም ከሌለ ሽሮ» ትላለች። ሽሮን መጥቀሷ ምስሩን የማግኘት ዕድሏን አይቀንሰውም፤ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ግን ያደርጋል። ሁለተኛ ምርጫን መሙላት የመጀመሪያውን እንደማይጎዳ፣ የአንዱን ዕጩ ስም አምስት ጊዜ መድገምም እንደማይጠቅም በዚህ መንገድ የተረዳ ሰው ወረቀቱን አያበላሽም። እንዲህ ያለውን ምሳሌ የትርጉም ማሽን አይፈጥረውም፤ የቋንቋውን ተናጋሪ የሚያውቅ አስረጂ ብቻ ይፈጥረዋል።

ትርጉም ብቻውን የሚስተው

ከኢትዮጵያ የመጣ መራጭ ባዶ ሰሌዳ አይደለም፤ ስለ ምርጫ የሚያውቀው ነገር አለው። የሚያውቀው ግን ሌላ ሥርዓት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ መራጩ በምርጫ ጣቢያ ቀርቦ ሲመዘገብና የመራጭነት ካርድ ሲቀበል ኖሯል። በዲሲ ካርድ ይዞ መቅረብ አያስፈልግም፤ በምርጫው ቀን እንኳ የነዋሪነት ማስረጃ አቅርቦ ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል። ይህ ካልተነገረው፣ ካርድ አልደረሰኝም ብሎ ቤቱ የሚቀር ሰው ይኖራል።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ በፖስታ ቤቱ ድረስ ይላካል። ድምፅ ማለት በጣቢያ፣ በታዛቢ ፊት፣ በመጋረጃ ውስጥ የሚሰጥ ነገር መሆኑን ይዞ ላደገ ሰው፣ ከማስታወቂያ ክምር ጋር የሚመጣ ፖስታ እውነተኛ የድምፅ ወረቀት አይመስለውም። ወረቀቱን ከነፖስታው ወደ ቆሻሻ መጣያ መወርወር ከግዴለሽነት ሳይሆን ከዚህ ልማድ ሊመነጭ ይችላል።

ፖስታው ላይ የሚፈረመው ፊርማ ከምዝገባው ፊርማ ጋር ይመሳከራል። አንድ ሰው ሲመዘገብ በላቲን ፊደል ፈርሞ፣ ፖስታው ላይ ግን ከልጅነቱ በለመደው የአማርኛ ፊርማ ቢፈርም፣ ያው ሰው ሆኖ ሳለ ሁለት ሰው ይመስላል። ቦርዱ ጉድለት ያለበትን ፖስታ መራጩ እንዲያስተካክል የሚያሳውቅበት አሠራር አለው፤ ነገር ግን ማሳወቂያውን ያልተረዳ ሰው ድምፁ ሳይቆጠር ይቀራል።

የፓርቲ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። ፕራይመሪ እየተባለ የሚጠራው ቀዳሚ ምርጫ በዲሲ ለየፓርቲው ተመዝጋቢዎች ብቻ ክፍት ነው። የ2024ቱ ሕዝበ ውሳኔ ፓርቲ ያልመረጡ ነዋሪዎችም በቀዳሚው ምርጫ እንዲሳተፉ ቢፈቅድም፣ ምክር ቤቱ በ2025 ለዚያኛው ክፍል በጀት አልመደበም። ዲሞክራቶች በሚያይሉበት ከተማ ብዙ ጊዜ ውድድሩ የሚያልቀው በቀዳሚው ምርጫ ነው። እንግዲህ ቅጹ ላይ «የፓርቲ አባልነት» የሚል ትርጉም ያነበበ የደርግንና የኢሕአዴግን ዘመን ያየ ሰው ምን ያስባል? አባልነት ለእርሱ መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ግምገማና ተጠያቂነት ነው። በዚህ አገር ግን ፓርቲ መርጦ መመዝገብ ክፍያም ስብሰባም የለውም፤ በየትኛው ቀዳሚ ምርጫ ድምፅ እንደሚሰጥ መግለጽ ብቻ ነው። አንድ ቃል ያለ ማብራሪያ በመተርጎሙ ብቻ ጠንቃቃው ነዋሪ ሳጥኑን ባዶ ይተወዋል፤ ወሳኙ ምርጫም ያልፈዋል።

ሰዓትና ቀንም አለ። በምርጫው ቀን ጣቢያዎች የሚከፈቱት በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 8 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩን ሳይለውጥ «ከ7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ለአንዳንድ አንባቢ የአሥራ ሦስቱን ሰዓት የድምፅ መስጫ ጊዜ ከቀትር በኋላ ወደሚገኝ አንድ ሰዓት ያሳጥርበታል። ጁንን «ሰኔ» ብሎ ቀኑን እንዳለ የሚያስቀምጥ ትርጉም ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ ጁን 16 ሰኔ 9 ነውና፣ «ሰኔ 16» ተብሎ የተነገረው ሰው ምርጫው ካለፈ ከሳምንት በኋላ ይደርሳል።

ከእነዚህ አንዱም የቋንቋ ችሎታ ጉድለት አይደለም። ሁሉም አማርኛን ለሚያነብ፣ ለተማረና ለመምረጥ ለሚፈልግ ሰው የተዘረጉ መሰናክሎች ናቸው። ያለ ማብራሪያ የተሰጠ መብት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ዓይነት ነው።

ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

ለዜጋው የስሕተት ዋጋ አንድ ድምፅ ነው። ዜግነት ለሌለው ነዋሪ ግን ዋጋው ኑሮው ሁሉ ሊሆን ይችላል። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሚሰጥ ዜግነት የሌለው ሰው የፌዴራል ወንጀል ይፈጽማል፤ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት ማረጋገጥም ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውም አመልካቹ በምርጫ ተመዝግቦ ወይም ድምፅ ሰጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ስለዚህ የግሪን ካርድ ባለቤት በዲሲ መብቱን ሲጠቀም፣ የተመዘገበበት ቅጽ ዜግነት ለሌላቸው የተዘጋጀው መሆኑን፣ የደረሰው ወረቀትም የከተማውን ውድድሮች ብቻ የያዘው መሆኑን በእርግጠኝነት ማወቅ አለበት።

ወንዝ ተሻግሮ ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም መንገድ ተሻግሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የቀየረ ሰው ደግሞ መብቱን ትቶት ይሄዳል። ቨርጂኒያ ዜግነት የሌለውን ሰው በምንም ምርጫ አታሳትፍም። በሜሪላንድ ይህ መብት የሚገኘው በአንዳንድ ከተሞች ብቻ ሲሆን፣ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ትፈቅዳለች፤ የካውንቲና የስቴት ምርጫ ግን ለዜጎች ብቻ ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ዕድሩና ገበያው በሦስቱም ግዛቶች የተዘረጋ ነው። በአንዱ ደጃፍ ትክክል የሆነ ምክር በሌላው ደጃፍ ሰውን ለአደጋ ይዳርጋል።

በዚህ ላይ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በ2023፣ በ2024 እና በ2025 የዲሲን ሕግ ለማገድ ወይም ለመሻር ድምፅ ሰጥቷል። ሕጉን ማንም ይደግፈው ማንም ይቃወመው፣ ሕግ በተለወጠበት ቀን የአማርኛ ተናጋሪው በዚያው ቀን ማወቅ አለበት። ባለፈው ዓመት በታተመ የአማርኛ መመሪያ ዘንድሮ የሚመርጥ ዜግነት የሌለው ነዋሪ፣ መንግሥት ራሱ ባስጨበጠው ወረቀት ተሳስቶ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ከቸልተኝነት አልፎ ወጥመድ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ የተወው ክፍተት

አንዳንዶች ጉዳዩ በፌዴራል ሕግ የተሸፈነ ይመስላቸዋል። አይደለም። በ1975 በመምረጥ መብት ሕግ ላይ የተጨመረው አንቀጽ 203 የቋንቋ እገዛ ግዴታን የሚጥለው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ አሜሪካውያን፣ ለአሜሪካና ለአላስካ ቀደምት ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ የተናጋሪው ቁጥር የፈለገውን ያህል ቢሆን በዚህ አንቀጽ አይገባም። ስለዚህ በዲሲ ለአማርኛ ተናጋሪ መራጭ ዋናው መከታ የከተማው የራሱ ሕግ ነው፤ እርሱ ከላላ የሚይዘው ሌላ ነገር ጥቂት ነው።

ከጥቂቶቹ አንዱ በ1982 የተጨመረው አንቀጽ 208 ነው። ማንበብ ወይም መጻፍ ባለመቻል እገዛ የሚያስፈልገው መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ብቻ አይሆኑም። ልጅ እናቱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ማገዝ ይችላል ማለት ነው። ይህን መብት የማያውቅ ሰው ልጁን ከበር ውጭ አቁሞ ብቻውን ገብቶ ይደናገራል፤ ወይም ጨርሶ አይመጣም።

ለተቃውሞዎቹ መልስ

«እንግሊዝኛ ይማሩ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። እየተማሩ ነው። ቋንቋ መማር ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ግብርና የቤት ኪራይ ግን ቋንቋው እስኪገባ አይጠብቁም። ከዚህም በላይ፣ ከላይ የተዘረዘሩት መሰናክሎች እንግሊዝኛ የሚችለውንም ኢትዮጵያዊ የሚያደናቅፉ ናቸው፤ የሚፈቱት በትምህርት እንጂ በቃላት ብዛት አይደለም።

«ማኅበረሰቡ ራሱ ያስተምር» የሚለው ክርክር ይበልጥ የተለመደና ይበልጥ የተሳሳተ ነው። ማኅበራትና የእምነት ተቋማት ከወገንተኝነት ነጻ የሆነ የመራጮች ትምህርት መስጠት ይችላሉ፤ ሊሰጡም ይገባል። መንግሥት ሥራውን ጨርሶ ለእነርሱ ሲተው ግን ክፍተቱን የሚሞላው ገንዘብና ፍላጎት ያለው ወገን ይሆናል፤ እርሱም የዕጩዎች የቅስቀሳ ቡድን ነው። ቀስቃሽ እንዴት እንደሚመረጥ ሲያስረዳ ማን እንደሚመረጥም አብሮ ያስረዳል። የምርጫን አሠራር ከተወዳዳሪ አፍ ብቻ የሚሰማ ሕዝብ ነጻ መራጭ አይሆንም።

ማኅበረሰቡም ከወቀሳ ነጻ አይደለም። በምርጫ ሰሞን ለዕጩ መድረክ የሚከፍት፣ ፎቶ የሚነሣና ምሳ የሚጋብዝ ተቋም ለአንድ ሰዓት የናሙና ወረቀት ልምምድ በሩን የማይከፍት ከሆነ፣ አባላቱን ለእንግዳ አሳይቷቸዋል እንጂ አላገለገላቸውም።

«ወጪው ብዙ ነው» የሚለውም ክርክር አይቆምም። ከተማው ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ወረቀት አትሞ በፖስታ ለመላክ ገንዘብ ያወጣል። ተቀባዩ ያልተረዳው ወረቀት የባከነ ገንዘብ ነው፤ ማስረዳት የወጣውን ገንዘብ ፍሬያማ ያደርገዋል።

ምን ይደረግ?

1. ምክር ቤቱ ለምርጫ ቦርዱ በአማርኛ ለሚሰጥ የቃል ትምህርት ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ይመድብ። ገንዘቡ ለትርጉም ከሚውለው የተለየ ይሁን።

2. የናሙና የድምፅ ወረቀት በአማርኛ ከእንግሊዝኛው ጋር በአንድ ቀን ይውጣ። በቅደም ተከተል የመምረጥ ልምምድ በእጅ በሚሞላ ወረቀት ይካሄድ።

3. ማንኛውም የአማርኛ ሰነድ ከመታተሙ በፊት በአማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች ይፈተን። ፈተናው «ትርጉሙ ትክክል ነው?» የሚል ብቻ ሳይሆን «አንብበህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ይሁን። ሰዓትና ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

4. ዜግነት ለሌላቸው ነዋሪዎች የተለየ የአማርኛ ማስጠንቀቂያ ይዘጋጅ። የሚመርጡትንና የማይመርጡትን፣ ቤት ሲቀይሩ የሚያጡትን መብት፣ ከመመዝገባቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር እንደሚገባቸው በመጀመሪያው ገጽ ይናገር። ሕጉ ሲለወጥ አሮጌው ወረቀት በዚያው ቀን ከየቦታው ይሰብሰብ።

5. አማርኛ ተናጋሪ በብዛት በሚኖርባቸው ሰፈሮች ባሉ የምርጫ ጣቢያዎች አማርኛ የሚናገሩ የምርጫ ሠራተኞች ይመደቡ። የአንቀጽ 208 መብት በአማርኛ በበሩ ላይ ይለጠፍ።

6. የምክር ቤቱ ኮሚቴ በዓመታዊው የአፈጻጸም ቁጥጥር ስብሰባ ላይ ቦርዱን ስንት ገጽ ተረጎምክ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ስንት ሰው በአማርኛ ተምሯል፣ በፊርማ ጉድለት ተይዘው ከነበሩ ፖስታዎች ስንቱ ተስተካክሏል ብሎ ይጠይቅ።

የምክር ቤት አባላት ረዳቶች እነዚህን ጥያቄዎች በስብሰባ ማስታወሻቸው ላይ ሊያሰፍሯቸው ይችላሉ፤ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የ2004ቱ ሕግ አለ። የጎደለው፣ ሕጉ የታሰበለት ሰው በእርግጥ ተጠቅሞበት እንደሆነ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ነው። የመብት ተሟጋቾች ድርሻም እዚህ ላይ ነው፦ ምርጫ ሲቃረብ ሕዝቡን ውጡ እያሉ ከመቀስቀስ አስቀድመው፣ በወራት በፊት በምክር ቤቱ አዳራሽ ቀርበው ይመስክሩ።

ድምፅ የማይሰጥ ማኅበረሰብ ጉዳዩ ሌሎች በጻፉት ደብዳቤ ይወሰንበታል። መምረጥ እየፈለገ እንዴት እንደሚመርጥ ያልተነገረው ማኅበረሰብ ግን ዝምታው በሌሎች የተጫነበት ነው። ይህን ዝምታ ግዴለሽነት ብሎ መጥራት ይቁም፤ ማስረዳት ይጀመር።